ደመወዝ ጨምረንም ሰው አልቆየልንም፦ ከኮምቦልቻ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ 40 ሄክታር መሬት ላይ በማኅበር ደን እናለማለን። ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ነው። የራሳችን ችግኝ ጣቢያም አለን። 35 ሰው ቀጥረን 3 ወር ሳይሞላ ግማሹ ይሄድብናል። አምና የቀን ሒሳብ ጨመርን፤ ለውጥ የለም። የቀረውም ሰው ቢሆን ሥራው ለዘብ ያለ ነው። ከተከልነው ችግኝ ብዙው ደርቋል። ካቦአችን ሥራ አዋቂ ነው፣ ግን ሰው ይሳደባል። እሱን ማሰናበት ይሻላል ወይስ ሌላ መላ አለው?»

ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተም ለማኅበርተኞችህም። በመጀመሪያ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጥለው ከሄዱት ሰዎች እያንዳንዱ የሄደው በገባ በስንተኛው ቀን ነው?

ይህን ካላወቅህ ሁለታችንም በግምት ነው የምንሄደው። ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ደብተር ግዛ። ስም፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ ሲወጣ የተናገረው ቃል። ሌላ አያስፈልግም። ያለፈውን ዓመት ደግሞ ከፔሮሉ ላይ መልሰህ ማውጣት ትችላለህ። ሲወጣ የተናገረውን ቃል ግን ካቦው አይጻፈው። ሰው ለካቦው «አሞኝ ነው» ይለዋል። እውነቱን የሚናገረው ለማይፈራው ሰው ነው።

ቀኑ ብዙ ነገር ይነግርሃል። በ2 እና በ3 ቀኑ የጠፋ ሰው፣ ሥራው ዳገት ላይ መሆኑን፣ መንገዱም ሩቅ መሆኑን ሲቀጠር ማንም አልነገረውም። በመጀመሪያው ክፍያ ማግስት የጠፋው፣ በልቡ የያዘው ሒሳብና በእጁ የገባው ብር አልገጠመለትም። በሐምሌ የጠፋው ጤፉን ሊዘራ ነው። በኅዳር የጠፋው አጨዳ ደርሶበት ነው። አንድ ሰው በመጥረቢያ ተመትቶ በሳምንቱ 5 ሰው ከጠፋ ፈርተው ነው። ለእያንዳንዱ መድኃኒቱ ይለያያል። እናንተ ለሁሉም አንድ መድኃኒት ነው የሰጣችሁት።

ደመወዝ አይረባም እያልኩህ አይደለም። በዚህ ኑሮ ውድነት ቀን ሒሳቡ ከአካባቢው ካነሰ ሌላው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። የግንባታ ሥራውም ሰው ይፈልጋል። ከቃሉም ከአልብኮም የሚመጣው ወጣት ደግሞ ግማሽ ልቡ ዐረብ አገር ነው። ጓደኛው ከሳዑዲ ደውሎለት ያደረ ልጅ ጠዋት ዶማ ሲይዝ ምን እንደሚሰማው አስበው። ከእነዚህ ሁሉ ጋር በብር ብቻ ልወዳደር ብትል አትችልም። 5 ብር ስትጨምር ሌላው 10 ይጨምራል።

ግን ደን ውስጥ 10 እና 15 ዓመት የቆዩ ሰዎች አሉ። አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ለምን ቆያችሁ ብዬ ስጠይቃቸው «ብሩ ጥሩ ነው» ያለኝ የለም። «ወር ሲሞላ ይሰጡናል»፣ «ስታመም አልተዉኝም»፣ «ክረምት ሲመጣ እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ» ነው ያሉኝ። ሦስቱም አንድ ነገር ናቸው። ሰው የሚሸሸው የነገውን ካላወቀ ነው። ስንት እንደሚያገኝ፣ መቼ እንደሚያገኝ፣ ከነሐሴ በኋላ እንጀራ ይኑረው አይኑረው፣ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው። ከዚህ በታች የምልህ ሁሉ እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ነው።

ከክፍያ ልጀምር፤ ምክንያቱም በራሴ የደረሰ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ስሙን የማላነሳው ድርጅት ውስጥ ከደሴ በላይ ባለ ተዳፋት ላይ ተከላ እመራ ነበር። 60 ሰው ነበረን። ክፍያ በየ15 ቀኑ ይባል ነበር። አንድ ክረምት ፊርማ ጠፋ፣ ገንዘብ ያዥ ሄደ፣ እየተባለ 40 ቀን ሞላ። ሐምሌ 20 ገደማ ነው። ችግኙ ከመኪና ወርዶ ጉድጓድ አፍ ላይ ተደርድሯል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ 11 ሰው ብቻ ነው የቆመው። ያ ሁሉ ችግኝ 4 ቀን ነፋስ ላይ ዋለ አደረ። ጫፉ ሲጎብጥ፣ ቅጠሉ ሲገረጣ እያየሁ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። እኔ ደግሞ በሪፖርቴ ላይ «የሠራተኛ መስነፍ» ብዬ ጻፍኩ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ልጆቻቸውን የሚያበሉት አጥተው ወደ ሌላ ሥራ ነው የሄዱት።

ስለዚህ የክፍያ ቀን ይቆረጥ። በየ15 ቀኑ ይሁን። ቀኑን ደግሞ በአካባቢያችሁ ገበያ ዋዜማ አድርጉት። ደሴ ሰኞ ገበያ የሚወጣ ሰው ቅዳሜ ብሩን ካገኘ እሑድ ቤቱ ተማክሮ ሰኞ እህሉን ይሸምታል። ማክሰኞ ከከፈልከው ግን ሳምንት ሙሉ በዱቤ ነው የሚኖረው። በቴሌ ብር ወይም በባንክ መክፈል ጥሩ ነው፣ ይፈጥናል። ግን ስልክ የሌላቸውን፣ በተለይ ሴቶቹን ጠይቅ። የሚስት ደመወዝ በባል ስልክ ሲገባ ያየሁትን ችግር እዚህ አልዘረዝረውም፤ በእጇ ስጧት።

ቋሚ ለምታደርጓቸው ሰዎች የሚቆረጠውንም አስቀድማችሁ አስረዱ። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፣ እናንተ 11 በመቶ ትጨምራላችሁ። ይህን ካልነገርከው ብሩን የበላኸው ነው የሚመስለው። በመጀመሪያው ክፍያ ማግስት ከሚጠፉት አንዳንዶቹ በዚህ ነው የሚጠፉት። ቁጭ ብለህ በወረቀት ላይ አሳየው፦ ይኸውልህ ያንተ፣ ይኸውልህ የእኛ፣ ስታረጅ የሚመጣልህ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። 35 ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚይዝ ሥራ 40 ሄክታር ላይ የላችሁም። ይህን እናንተም ታውቃላችሁ፣ ሰዎቹም ያውቃሉ። ስለዚህ ነው እናንተ ሳታሰናብቷቸው እነሱ የሚቀድሟችሁ። መላው ሠራተኛውን በግልጽ ለሁለት መክፈል ነው።

12 ሰው ገደማ ዓመቱን ሙሉ ያዙ። ሥራ አይጠፋላቸውም። ከታኅሣሥ ጀምሮ የችግኝ መደብ ማዘጋጀት፣ አፈር መንፋት፣ ችግኙ የሚያድግበትን ላስቲክ በአፈር መሙላት አለ። ከዚያ ዘር መዝራት፣ ችግኝ ማዛወር፣ ውኃ ማጠጣት። በበጋው ጉድጓድ ቁፋሮ፣ እርከን መጠገን፣ የእሳት መከላከያ መስመር መጥረግ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ተከላ። መስከረምና ጥቅምት አረምና ኩትኳቶ። ከዚያ ጽዱን መግረዝና ማሳሳት። የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ሲያቆጠቁጥ ከጉቶው ደህና ደህናውን መርጦ ሌላውን ማንሳት። ቆረጣና ልጣጭ ማንሳት ደግሞ በደረቁ ወራት። ይህን በወር በወር አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ጻፉና መጋዘኑ በር ላይ ለጥፉት። ማንበብ የማይችል ካለ አንብቡለት። ሰው የካቲት ላይ ቆሞ የነሐሴ ሥራውን ሲያይ ልቡ ያርፋል።

የቀሩት 23 የወቅት ሠራተኞች ይሁኑ። ይህንንም በግልጽ ይወቁት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወቅታዊ ሥራ በተወሰነ ጊዜ መቅጠርን ይፈቅዳል። በጽሑፍ ይሁን። ዘንድሮ ጨርሶ የወጣ ሰው ለሚቀጥለው ክረምት ቅድሚያ እንዳለው የሚገልጽ ወረቀት በስሙ ስጡት። ተመልሶ ሲመጣ ከአዲሱ ሰው የቀን ሒሳቡ ከፍ ይበል። በ3ኛው ዓመት ደግሞ ሌላ ከፍታ። ከቅርብ ቀበሌ ያለውን ሰው አስቀድሙ። አዳሩ ቤቱ የሆነ ሰው ይቆያል። በእግሩ 2 ሰዓት የሚመጣ ሰው ግን ጎበዝ ቢሆንም በአንድ ክረምት ይሰለቻል። አይፈረድበትም።

ስለ ሕጉ ካነሳን፣ ብዙ ቦታ የማየው አንድ መጥፎ ነገር አለ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። ታዲያ 58ኛው ቀን ላይ ሰውን አሰናብቶ እንደገና መቅጠር። እናንተ ይህን አታድርጉ። ሠራተኛው ይቆጥራል። 50ኛው ቀን ላይ ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምራል፣ እጁም ያን ቀን ይዝላል። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፣ 30ው ከመውለድ በፊት። እነዚህን ለቋሚዎቹ ሳትጎድሉ ስጡ።

የወሊዱን ነገር ያነሳሁት በምክንያት ነው። ችግኝ ጣቢያችሁ ላይ አብዛኛዎቹ ሴቶች ናቸው ብዬ እገምታለሁ። እንደዚያ ከሆነ ከሁሉ በላይ ልታጡ የማይገባችሁ እነሱን ነው። አንዲት እናት አውቅ ነበር። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት። ከመደቡ ላስቲኩን ብድግ ታደርገዋለች። ከሥር ወጥቶ መሬት ሊይዝ የጀመረውን ሥር በምላጭ ቀንጠስ። አፈሩን መታ መታ። ወደ ቦታው። እጇ አይቆምም፣ ዓይኗ ግን ቀጣዩ ላይ ነው። ውኃ ይጠማው እንደሆነ በእጇ ክብደት ነበር የምታውቀው። «ይሄ ቀሎኛል፣ አጠጡት» ትላለች። ያን ዕውቀት በ3 ቀን ሥልጠና አትሰጠውም፣ 3 ዓመት ይፈልጋል።

ልጅ ወለደች። ልጁን በጀርባዋ አዝላ መጣች። ጥላ የለም፣ ማስቀመጫ የለም። ኃላፊው ተቆጣ። በሁለተኛው ሳምንት ቀረች። የዚያ ዓመት ችግኝ ሥሩ ሳይቆረጥ ተጓተተ፤ ከመደቡ ሲነሳ ሥሩ ተበጠሰ፤ ተራራው ላይ ደረቀ። አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ሰሌን፣ ልጆቹን የምታይ አንዲት ሴት የቀን ሒሳብ ተከፍሏት ብትቀመጥ ኖሮ የዚያ ሁሉ ችግኝ ዋጋ ይተርፍ ነበር። እባክህ ይህን ከሁሉ በፊት አድርገው። ወጪው ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ሥራው መለዘብና ወደ ደረቀው ችግኝ ልምጣ። ደብዳቤህ ላይ አልጻፍከውም እንጂ፣ የምትከፍሉት በተተከለ ችግኝ ቁጥር ነው አይደል? እንደዚያ ከሆነ ሠራተኛው የከፈላችሁትን ነው የሰጣችሁ። በቁጥር ከፍላችሁ ቁጥር አገኛችሁ።

አንድ ጥር ላይ በሄድኩበት ቦታ የደረቀ የጽድ ችግኝ ጎትቼ ነቀልኩ። በቀላሉ መጣ። ላስቲኩ አልተቀደደም ነበር፤ ከነላስቲኩ ነው የተቀበረው። ሥሩ ውስጥ ለውስጥ ዞሮ ዞሮ እንደ ጥምጥም ተጠቅልሏል። ቀጥዬ 10 ነቀልኩ፣ 6ቱ እንደዚያው ናቸው። ላስቲክ መቅደድ ጊዜ ይፈጃል። በቁጥር የሚከፈለው ሰው ያን ጊዜ ያተርፋል። እኛ አገር ደግሞ ከልማዳችን የተከልነውን እንቆጥራለን፣ የጸደቀውን ለመቁጠር የሚመለስ ጥቂት ነው።

ታዲያ እንዲህ አድርጉ። ተከላውን በቀን ሒሳብ ክፈሉ። በላዩ ላይ ግን ለጸደቀ ችግኝ ጉርሻ አስቡ። ከደመወዙ ቆርጣችሁ የምትይዙት እንዳይሆን አደራ። ያ ሕገወጥም ግፍም ነው። ተጨማሪ ይሁን። 5 ወይም 6 ሰው አንድ ቡድን ይሁን፣ የራሱ ቦታ ይኑረው፣ ቦታው ላይ የቡድኑ ምልክት ይተከል። ወንፈልና ደቦ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። በቡድን ሲሆን እርስ በርሱ ይተራረማል፤ «ላስቲኩን ቅደደው እንጂ» የሚለው ጓደኛው ነው፣ ካቦው አይደለም።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። 5 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገመድ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ ካስማ ላይ እሰሩና ዙሩ። የዞራችሁበት ክብ 100 ካሬ ሜትር ነው። በ2 ሜትር በ2 ሜትር ከተከላችሁ በውስጡ 25 ጉድጓድ ገደማ ታገኛላችሁ። 20ው ከቆመ 80 በመቶ ጸድቋል ማለት ነው። በየቦታው እንዲህ ያለ ክብ ጥቂት ጥቂት ያዙ። ክቡ የሚያርፍበትን ቦታ ዕጣ ይወስነው፣ ሰው አይምረጠው። ቡድኑ ራሱ አብሮ ይቁጠር።

መቁጠሪያው ሁለት ጊዜ ይሁን፦ ኅዳር ላይ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ግንቦት ላይ ደግሞ በጋውን ካለፈ በኋላ። ጉርሻውም ግማሹ ኅዳር፣ ግማሹ ግንቦት ይከፈል። ይህ ዘዴ ሁለት ጥያቄህን አንድ ላይ ይመልሳል። የወቅት ሠራተኛህ የግንቦቱን ሊቀበል ይመጣል። መጥቶ ደግሞ የሰኔውን ተከላ ይጠይቃል። እዚያው ታስፈርመዋለህ። ሐምሌ ላይ ሰው ፍለጋ ገበያ መዞር ይቀራል።

የደረቀውን ግን ሁሉንም በተካዩ ላይ አትጫኑ። እየነቀላችሁ እዩ። ላስቲኩ ሳይቀደድ ከተቀበረ የተካዩ ነው። ጫፉ ከተነጨ ከብት ገብቷል፣ ያ የጥበቃው ጉዳይ ነው። ሥሩና ቅርፊቱ ከተበላ ምስጥ ነው፤ በተለይ ወደ ኮምቦልቻ ቆላማው በኩል ባሕር ዛፍ ላይ ይበረታል፣ ማንም አይጠየቅበትም። ችግኙ ከጣቢያ ሲመጣም ታሞ ከሆነ ተካዩ ምን ያድርግ? ይህን ልዩነት ካልጠበቃችሁ ጉርሻው ራሱ የጠብ ምንጭ ይሆናል።

ጉድጓድ ቁፋሮ በቁርጥ፣ ማለትም በተቆፈረው ቁጥር የሚከፈል ቢሆን ችግር የለውም፤ ጥልቀቱ በዘንግ ይለካል። ኖርሙን፣ ማለትም ከአንድ ሰው በቀን የሚጠበቀውን ሥራ፣ ግን በትክክል አውጡ። ባለፈው አንድ ማኅበር ጉድጓዱን ከ30 ወደ 40 ሳንቲ ሜትር አሳደገና ሒሳቡን ትንሽ ጨመረ። «10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው» አሉኝ። አስቡት እስኪ። በ30 በ30 በ30 የተቆፈረ ጉድጓድ 27 ሊትር አፈር ይወጣዋል። በ40 በ40 በ40 ግን 64 ሊትር። ከእጥፍ በላይ ነው። ሰውዬው በቀን ያወጣ የነበረው ጉድጓድ ከግማሽ በታች ወረደ፣ ገቢውም አብሮ ወረደ። በሳምንቱ ጠፉ። ማንም ሊያታልላቸው አላሰበም፣ ግን ሒሳቡን የሠራ ሰው አልነበረም።

ድንጋያማውንና ጥቁር አፈሩን ደግሞ ለዩ። 3 መካከለኛ ሠራተኛ ውሰዱ፤ ጎበዙን አይደለም። በ3 ዓይነት መሬት ላይ አንድ አንድ ቀን አስቆፍሯቸው። ዕረፍታቸውን ጨምሩበት። የወጣው ቁጥር ለዚያ መሬት ኖርም ነው። ቁጥሩ ሲወጣ ሠራተኛው ባለበት ይሁን።

ቆረጣ ላይ ግን ቁርጥ አትጠቀሙ። በተለይ በሞተር መጋዝ። በቁጥር የሚከፈል ቆራጭ ይቸኩላል፣ የሚቸኩል ቆራጭ ይሞታል። የደን ሥራ በዓለም ላይ ካሉት አደገኛ ሥራዎች አንዱ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ለደን ሥራ ብቻ የሚሆን የደኅንነት መመሪያ ያወጣው ያለ ነገር አይደለም። በትንሹ ይህን ያዙ፦ ዛፍ እየተጣለ ማንም ሰው ከዛፉ ቁመት 2 እጥፍ ርቀት ውስጥ አይግባ። ቆራጩ ለብቻው አይሥራ። ቡት፣ ጓንት፣ ለመጋዙ ሄልሜትና የእግር መከላከያ። ይህን አሠሪው በነጻ ማቅረብ አለበት። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ መጋዘን ተቆልፎበት ሳይሆን ሰው ያለበት ይዋል። ተጎጂውን የሚያወርድ መኪና የማን እንደሆነ፣ የሹፌሩ ስልክ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። ሠራተኛው ይህን ሲያይ እንደ ሰው እንደቆጠራችሁት ይገባዋል።

ስለ መሣሪያም አንድ ቃል። የደነዘ መጥረቢያ ሰው ያደክማል፣ ይንሸራተታልም። ጠዋት ከሥራ በፊት 15 ደቂቃ መሳያ ሰዓት ስጡ። ሞረዱን ግዙላቸው። ያ ሰዓት ከደመወዝ አይቆረጥ።

ምግቡን ነገር ሰው ይንቀዋል። ቀኑን ሙሉ ዳገት ላይ ዶማ የሚያነሳ ሰው በቀን ወደ 4,000 ኪሎ ካሎሪ ሊፈልግ ይችላል። ያንተ ሠራተኛ ጠዋት ምን በልቶ ነው የመጣው? ጠይቀህ ታውቃለህ? በደቡብ አፍሪካ እንደ ሞንዲ ያሉ ትልልቅ የደን ኩባንያዎች ለኮንትራክተር ሠራተኞቻቸው ሥራ ቦታ ድረስ ትኩስ ምግብ ማቅረብ ከጀመሩ ቆይተዋል። እናንተ ያን ያህል ባትችሉ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ንፍሮ ወይም ቆሎ፣ ከስኳር ጋር ሻይ፣ በቂ የመጠጥ ውኃ። ከሰዓት በኋላ ያለው የሥራ መላላት ከስንፍና ይልቅ ረኃብ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ወር ሞክሩትና የጉድጓዱን ቁጥር አወዳድሩ።

ወሎ ነውና ጾሙና በዓሉ ከሁለቱም ወገን ነው። በረመዳን ሥራው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ ቀትር ሳይከር ቢያበቃ ጥሩ ነው። አርብ የጁምዓው ሰዓት ይታሰብ። ክርስቲያኑም የሚያከብራቸው የወሩ በዓላት አሉት፤ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ባለወልድ። ዓመቱ ሲጀመር ቁጭ ብላችሁ የትኛው ይከበራል፣ የትኛው ይሠራበታል፣ በምን ይካካሳል ብላችሁ ተስማሙ። ይህ ሳይደረግ ሲቀር «ቀረህ» «አልቀረሁም» እየተባለ ነው ሰው የሚባረረው። ሁለቱ ወገን ቀን እየተዋዋሰ አንዱ የሌላውን በዓል የሸፈነበትን ቦታ አይቻለሁ። ያን ያደረገው ኃላፊው አልነበረም፣ ራሳቸው ናቸው።

ሌላው ብር የማይጠይቀው ነገር ሣሩና ጭራሮው ነው። ጭራሮ ማለት ለእናንተ ቆሻሻ ነው፣ ለሠራተኛዋ ግን የሳምንት ማገዶ ነው። በተራ ይውሰዱ። ሣሩንም ዛፉ ከፍ ካለ በኋላ አጭደው ይውሰዱ፤ ከብት ግን አይግባ። ተራውን በጽሑፍ አድርጉት፣ ካቦው ለወዳጁ የሚሰጠው እንዳይሆን።

ይህን ቀላል አድርገህ አትየው። ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ተያይዞ በወሎ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ ስንት ችግኝ እንደተተከለ አባቶቻችን ይነግሩሃል። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ብዙው ደን በራሱ በአካባቢው ሰው ተቆረጠ። የተከለው እጁ ነው የቆረጠው። ስንዴና ዘይት ተቀብሎ ተከለ እንጂ የእኔ ነው ብሎ አልነበረም። ከዚያ ደን የሚያገኘው ነገር እንዳለ የሚያውቅ ሰው ግን ሌሊት የመጥረቢያ ድምፅ ሲሰማ ተነስቶ ይወጣል። እናንተ ደግሞ ኮምቦልቻ ተኝታችሁ ነው የምታድሩት።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን አነጋግሮ አንድ ነገር አስተውሏል። ሰው በሥራው የሚያማርርበትና የሚተጋበት ነገር አንድ አይደለም። ደመወዝ፣ አለቃ፣ የሥራ ቦታ ሲበላሹ ያስመርራሉ፤ ሲስተካከሉ ግን ምሬቱን ያቆማሉ እንጂ ብቻቸውን አያተጉም። የሚያተጋው የሠሩት ነገር ሲታይና ሲመሰገን፣ ዕድገት ሲኖር ነው። እሱ ያነጋገረው ወር ጠብቆ የሚከፈለውን ሰው ነው፤ በቀን ሒሳብ የሚያድር ሰው ላይ ክፍያው ከዚያ በላይ ይከብዳል። ሆኖም የእሱን ክፍፍል እቀበለዋለሁ። ቡድኑ በስሙ ምልክት የተተከለለት ቦታ ላይ 80 በመቶ ጸድቆ ሲያይ ፊቱ ላይ የሚነበበውን አይቻለሁና። ከቋሚዎቹም ችግኝ አዋቂዋን የጣቢያ ኃላፊ አድርጓት፣ ደመወዟም ይደግ። ከውጭ ሰው አታምጡባት።

አሁን ካቦው። አታሰናብቱት፣ ቢያንስ አሁን። ሥራ የሚያውቅ ሰው በዚህ ዘርፍ ብርቅ ነው። ግን ሁለት ነገር ከእጁ ውሰዱ፤ የመቅጠርና የማባረር ሥልጣንንና የአቴንዳንስ እስክሪብቶውን። ሰው የሚፈራው ስድቡን ሳይሆን ከስድቡ ጀርባ ያለውን እስክሪብቶ ነው። አቴንዳንሱን ሌላ ሰው ጠዋትና ማታ ሠራተኛው ፊት ይያዝ። ቅሬታ ያለው በቀጥታ አንተ ጋ ይምጣ፣ በየክፍያው ቀን አንድ ሰዓት ተቀመጥላቸው።

ከዚያ ካቦውን ለብቻው ጥራው። በሰው ፊት አታዋርደው። ስንት ሰው በስድብ ምክንያት እንደወጣ ደብተሩን አሳየው። ብዙዎቹ ካቦዎች እንዲህ የሚያደርጉት እነሱም በስድብ ስለተማሩ ነው፤ ሌላ መንገድ አላዩም። ደህና አድርጎ የሚችለውን ሥራ ስጠው። አዲስ የሚገባውን ሰው የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት እሱ ያሠልጥነው። መጥረቢያ አያያዝ፣ ጉድጓድ፣ ላስቲክ አቀዳደድ። የእሱ ጉርሻ ደግሞ ባሠለጠናቸው ሰዎች ይታሰብ። ካሠለጠናቸው 10 ሰዎች 3 ወር የሞላቸው ስንት ናቸው? ሒሳቡ ያ ይሁን። እስከ ጥቅምት ጠብቀው። ደብተሩ ላይ በስድብ ወጣሁ የሚል ሰው አሁንም ካለ ያኔ በማስጠንቀቂያ፣ በሕጉ መሠረት ሸኘው።

የዘንድሮውን ተከላ ካልጀመራችሁ ጊዜ አላችሁ። የወር በወር ወረቀቱንና የልጆቹን ጥላ ከሰኔ በፊት ጨርሱ። የአምናውንም ተከላ ገመዱን ይዛችሁ ግቡና ቁጠሩ፣ የደረቁትንም ነቅላችሁ እዩ። 25ቱ ላይ ስንት እንደቆመ፣ ላስቲኩም ተቀድዶ እንደሆነ ጻፍልኝ፤ ቡድኖቹን እንዴት እንደምትከፋፍሉ ከዚያ ተነስተን አብረን እናያለን።